ፍርሃቱን እኔ ጋ ትቶ የሄደው ሰው

ማስተማር የሚወድ ሰው አንድ ልማድ አለበት፤ ያልተጠየቀውንም ያስረዳል። ስለዚህ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ባስረዳ አትፍረዱብኝ።

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ይህ በደረሰብኝ ጊዜ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሰሌዳዬ በሦስት ቀለም ይከፈላል፤ ዋናው ሐሳብ በነጭ፣ ምሳሌው በቢጫ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው በቀይ። ተማሪዎቼ «ለእኛ ቀዩ ይበቃናል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ፈተና ወረቀት ላይ «ውስጤ ነገረኝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ከሥሩ አሰምርና «ማስረጃህ የት አለ?» ብዬ ነጥቡን እቀንስ ነበር።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሳይኮአናሊሲስ እማራለሁ። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የተጨነቀ ሰው በታወቀ ቀንና ሰዓት ይመጣል፤ አእምሮው ላይ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይናገራል። ሌላው ሰው ያዳምጣል። አይመክርም፣ አይገሥጽም፣ ቶሎ ብሎ «አይዞህ» አይልም። የተነገረውንም ያልተነገረውንም ይሰማል፤ እጅ የት እንዳረፈ፣ ዓይን ከምን እንደሸሸ ያያል። በመካከሉ የሚመጣውን ዝምታም አይፈራም።

አስተማሪዬ ዶክተር ኅሩይ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ ውጭ አገር ያሳለፉና በመጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማቸው ደሴ የተመለሱ አዛውንት ናቸው። ታካሚ የሚቀበሉት ኮምቦልቻ ላይ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ በተከራዩት ክፍል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በእሳቸው ክትትል አንድ ታካሚ እንዳይ ፈቅደውልኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነበራቸው።

«ልጄ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ምስክር አለሽ። አንዱ ውስጥሽ የሚነሣው ስሜት ነው፤ ሁለተኛው ዓይንሽ ያየው ነው። ስሜት ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ብቻውን አያስፈርድም። ግን ቃሉን ሳትሰሚ አታባሪው።»

ሁለተኛውን ምስክር ወድጄው ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያው ግን በየትኛው ቀለም እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር።

ታካሚዬን ይመር ብዬ እጠራዋለሁ። እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ሌላም የለወጥኩት ነገር አለ። እንድጽፈው ግን ራሱ ፈቅዶልኛል።

ይመር የአይሱዙ ሹፌር ነበር። አንድ ጉም የዋለበት ቀን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሐረጎ በሚባለው ገደላማ መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው የሚስቱ ወንድም ሁሴን ሞተ። ይመር ግን ክንዱ ላይ በተጫረ ቁስል ብቻ ተረፈ። ፖሊስ ጥፋት አላገኘበትም። ሽማግሌዎቹም «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አሉት። ሚስቱ መዲና ወንድሟን ቀብራ ባሏን ማስታመም ጀመረች። ገራዶ የሚኖሩት የሁሴንና የመዲና እናት፣ እማማ ዘይነባ፣ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩትም። እሱም ከሐዘኑ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም።

እኔ ጋ ሲመጣ ሁልጊዜ ያረፍዳል። በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የአይሱዙውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና መዳፉን ይጭንበታል። መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከቆመ ቆይቷል፤ ቁልፉ ግን ከእሱ አይለይም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፉ እንጨቱን እየነካ ይንሿሿል። በዝምታችን መካከል የምሰማው እሱን ነበር። ሰዓታችን ሲያበቃ ቁልፉን ኪሱ ይከትና «በይ እንግዲህ መምህርት» ብሎ ይሄዳል።

ክረምቱ በገባ ሰሞን ነው። የዚያን ቀን እኔ ስደርስ ይመር ቀድሞኝ ደረጃው ሥር ቆሟል። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ገባን፤ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቁልፉ ድምፅ አላሰማም።

«ዛሬ ቀደም ብለው መጡ» አልኩት። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምለው።

«መንገዱ ቀለለኝ።»

«ቀለለዎት?»

«ሁሉ ነገር ቀለለኝ፣ መምህርት። እንደ ጥጥ።»

ከዚያ በረጋ ድምፅ ይነግረኝ ጀመር። እንቅልፍ ተኝቷል። የአጎቱ ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶለታል፤ ሊሄድ ነው። መዲና ደስ ብሏታል። ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብቷል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ የጠራ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታካሚዬ ድኗል፤ ሥራ አግኝቷል። ነገር ግን ጣቶቼ በረዱ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጣት አይበርድም። ቀጥሎ ልቤ ጆሮዬ ሥር ይመታ ጀመር። ዓይኔ በሩን ፈለገ፤ በሩ ከእሱ ወንበር ኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካለው የእርሳስ ብርጭቆ ውስጥ መቀስ መኖሩን ያን ጊዜ አስታወስኩና ብርጭቆውን ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ሳብኩት። ይህ ሰው ሊገድለኝ ነው አልኩ በልቤ። ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ብጠየቅ አንድም መልስ አልነበረኝም። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። የሚያየውም መስኮቱን ነበር እንጂ እኔን አልነበረም።

ሰዓቱ እስኪያልቅ የሰማሁት ግማሹን ነው። በመጨረሻ ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አፉ በይኝ፣ መምህርት።»

ወሎ ላልኖረ አንባቢ ይህን ላስረዳ። ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ፣ ወይም ረመዳን ሲቃረብ፣ አብሮት የኖረውን ሰው ሁሉ እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተጠየቀው «አፉ ብያለሁ» ይላል። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ጎረቤቱም ይላል። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤታችን ሐጅ ሊሄዱ ሲነሡ እናቴን «ዶሮሽን የረገምኩትንም ጨምረሽ አፉ በይኝ» ሲሏት፣ «ዶሮዋንማ ራሷን ይጠይቋት» ብላ ስታስቃቸው ትዝ ይለኛል። ጥያቄው እንግዳ አልነበረም፤ መልሱንም አውቀዋለሁ።

ግን አልወጣኝም። ግማሹ የሙያው ልማድ ነው፤ ለተጠየቅነው ሁሉ ቶሎ አንመልስም። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ አፌ ደርቆ ነበር። ይመር ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ፈገግ አለና «እሺ» ብሎ ወጣ።

የእግሩ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። አሁን ይለቀኛል አልኩ። የምፈራው ሰው ሄዷል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ከታች የሱቁ ሰዎች ይሳሳቃሉ። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ጨመረ። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ቁልፉ እዚያው ነው።

ይዤው ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ይመር አስፋልቱን ሊሻገር ነው።

«አቶ ይመር! ቁልፍዎን!»

ቀና ብሎ አየኝ። ቁልፉን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ አይቶታል። እጁን እንደ ሰላምታ ደረቱ ላይ አድርጎ አወረደውና ወደ ደሴ ሚኒባሶች መቆሚያ ሄደ።

ዶክተር ኅሩይ ጋ ደወልኩ። ቤታቸው፣ ደሴ ነበሩ። የሆነውን ተራ በተራ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ቃሌ ግን ተምታታብኝ።

«ቆይ፣ ሰብለ» አሉኝ። «መጀመሪያ የተሰማሽን ንገሪኝ።»

«ፈራሁ። ሊገድለኝ መሰለኝ። አሁንም እየፈራሁ ነው። ሄዷል እኮ፣ ዶክተር።»

«እሱስ ፈርቶ ነበር?»

«የለም። ምንም። እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

በስልኩ ውስጥ ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥተዋል።

«ስንት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሰው ዛሬ ፍርሃት የለውም። ፈርተሽ የማታውቂው አንቺ ደግሞ ዛሬ ትንቀጠቀጫለሽ። እስቲ አስቢ፤ ይህ ፍርሃት የማን ነው?»

 ክፍሉ የጠበበ መሰለኝ።

«አንድ ምስክር ሰማን» አሉ። «ሁለተኛውን አምጪ። ምን አየሽ?»

«ቁልፉን ትቶ ሄደ። ሳሳየውም አልተመለሰም። ፀጉሩን ተቆርጧል። አፉ በይኝ አለኝ።»

«መንገደኛ ነው ብለሻል፤ መንገደኛ አፉ ይላል። ደግሞስ ምን ይላል? ሊል ሲገባው ያላለው ነገር አለ?»

እኒያን ሐጅ የሄዱ ጎረቤታችንን አስታወስኩ። በራችን ላይ ቆመው፣ ከሳቁ በኋላ፣ የእናቴን እጅ ይዘው ነበር። ምን ነበር ያሉት?

«ዱዓ» አልኩ። «ዱዓ አድርጉልኝ ይላል። መንገዱ እንዲቀናው። ሁለቱ አይለያዩም። ይመር ዱዓ አላለኝም።»

አፉ ወደ ኋላ ነው፤ ያለፈውን ይዘጋል። ዱዓ ጸሎት ነው፤ ወደ ፊት ነው። ወደ ፊት የሚሄድ ሰው አንዱን ብቻ ይዞ አይነሣም።

«ምናልባት አንቺን ክርስቲያን ናት ብሎ ትቶት ይሆናል» አሉ ዶክተር፤ ድምፃቸው ግን ፈጥኗል። «ባለቤቱን ጠይቂያት። እኔ መኪና ይዤ ከላይ ልውረድ፤ አንቺ ከታች ተነሺ። መንገዱ አንድ ነው። ካገኘሽው አትሩጪበት፣ አትያዢው። ተቀመጪና አናግሪው። የምትፈሪውን ነገር በስሙ ጥሪው።»

መዲና ስልኩን ያነሣችው እየሳቀች ነው። ቤቷ ሰው አለ፤ ድምፅ ይሰማል።

«መምህርት! አልሃምዱሊላህ፣ አየሽልኝ ይመርን? ጎረቤቱን ሁሉ አፉ ሲያስብል ነው የሰነበተ። ዛሬ ደግሞ ገራዶ፣ እናቴ ጋ ልሂድ ብሎ ተነሣ። ስንት ዓመት የሸሸውን ቤት!»

«መዲና፣ ይመር ስልኩን ይዟል?»

«እኔ ጋ ነው። ትቼልሻለሁ ብሎ ሰጠኝ።»

«ዱዓ አድርጉልኝ ብሏል?»

«እ?»

«አፉ በሉኝ ሲል። ዱዓ አድርጉልኝ ብሏል? ለአንቺ፣ ለጎረቤት፣ ለማንም?»

ከኋላዋ አንዲት ሴት ትስቃለች። መዲና ግን ሳቋን አቆመች። ቆይታ፣ በሌላ ድምፅ፣

«አላለም» አለች። «ወላሂ ለማንም አላለም። እኛም ደስታው...» ሳትጨርስ ቀረች። ከዚያ «መጣሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

መቆሚያው ላይ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ። አሁንም አንድ ሰው ጎደለ ብለው ቆመዋል።

«የጎደለውን ቦታ እኔ እይዛለሁ፣ እንሂድ» አልኩት።

«እህቴ፣ ቀጭን ነሽ እኮ፣ ለሁለት አትሞዪም» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና በሩን ዘጋ። «ንዳው!»

ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ጃኬቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሳፈራል፤ ሽቅብ ሲጀመር አንድ በአንድ ይለብሳል። ሁሉም መልበስ ጀመሩ። እኔ ጃኬቴን ክፍሉ ውስጥ ረስቼዋለሁ። ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ ስለነበር ጥርሱ ቆዳዬን ወግቶኛል። ከመስኮቱ ውጭ ባሕር ዛፎቹ መጀመሪያ ግራጫ ሆኑ፤ ቀጥሎ ጠፉ። ጉሙ መንገዱን በላው።

ለረዳቱ ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ብቻውን የሆነ ሰው፣ ከእኛ ቀድሞ በወጣ መኪና ተሳፍሮ ሊሆን ይችላል። ሌላ አልጠየቀኝም። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ረዳት ጓደኛው ነው፤ ደወለለት። እያዳመጠ ዞሮ አየኝ።

«ሐረጎ ላይ ወረደ ይላል። ‹እዚህ እኮ ቤት የለም› ብዬው ‹ዘመድ አለኝ› አለኝ ይላል።»

አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ «ያ ረቢ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሐረጎ ላይ የት እንደወረደ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የትኛው ጠመዝማዛ እንደሆነ ከይመር አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዘመዱ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ለዶክተርና ለመዲና ደውዬ ቦታውን ነገርኳቸው።

ሹፌሩ አቆመልኝ። «እንጠብቅሽ?» አለኝ። ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ እንዲቆም ለመንኩትና ወረድኩ። የሞተሩ ድምፅ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከሩቅ የከባድ መኪና ጡሩንባ ይሰማል፤ ከላይ ይምጣ ከታች አይለይም። በመንገዱ ዳር ቀስ እያልኩ ሄድኩ።  ይበልጥ ያስፈራኝ ላገኘው መቻሌ ይሁን ላጣው መቻሌ አሁንም አላውቅም።

አገኘሁት። በመንገዱ ጠርዝ ካለው የድንጋይ አጥር ማዶ፣ በገደሉ በኩል፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከፊቱ ነጭ ጉም እንጂ ሌላ ነገር አይታይም።

አልሮጥኩም። ከእሱ ራቅ ብዬ፣ በመንገዱ በኩል፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«መምህርት ነሽ?» አለ ሳይዞር።

«በምን አወቁኝ?»

«በጫማሽ። ደረጃው ላይ የምሰማው ነው።»

ለካ እሱም ሲያዳምጠኝ ኖሯል።  አፌን ስከፍት የወጣው ይህ ነው፤

«አፉ አላልኩህም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብዬዋለሁ። እኔም እሱም አስተዋልነው።

«እሱን ልትዪ ነው የመጣሽ?»

«አይደለም። አልልህም ልል ነው።»

ግማሽ ፊቱን አዞረ። «ሰው ሲለምን አፉ ይባላል። እንቢ ማለት አላህ ዘንድ ወንጀል ነው።»

«ይሁን። ወንጀሉ በእኔ ይሁን።»

 ጡሩንባው ቀረበ፤ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ እየተጎተተ አለፈን። ምድሪቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠች። መብራቱ ሲርቅ፣ ዶክተር እንዳሉኝ ነገሩን በስሙ ጠራሁት።

«ይመር፣ ጅቡቲ አይደለም የምትሄደው። ልትሞት ነው ያሰብከው?»

ፊቱን ወደ ጉሙ መለሰ።

«ደክሞኝ ነው» አለ።

«ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ምኑን ልንገርሽ? ከወሰንኩ ወዲህ ድካሙም ተወኝ። ዛሬ እንደ ጥጥ ነኝ ብዬሻለሁ።»

«ብለኸኛል። እጅህም አልተንቀጠቀጠም። ታውቃለህ ለምን? ፍርሃትህን እኔ ጋ ትተኸው ሄድክ። አንተ ከወጣህ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ። ከባድ ነው፣ ይመር። ብቻዬን አልችለውም።»

ቁልፉን ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። ለማስመሰል አልነበረም፤ ብርዱም ፍርሃቱም እጄን አንቀጥቅጦት ነበር። ቁልፉ መያዣው ላይ ካለው ብረት ጋር እየተጋጨ ይንሿሿ ጀመር። ያ ድምፅ። ሁለታችንም የምናውቀው ድምፅ።

ይመር ዞሮ እጄን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ቀጥሎ የራሱን እጅ፣ ድንጋዩን የያዘውን፣ አየ። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ወደ ታች፣ ወደ ጉሙ ተመለከተ፤ የት እንደተቀመጠ ገና ያየ ይመስል ትከሻው ተሰበሰበ።

«መምህርት» አለ። «ፈራሁ።»

«እኔም። ና ወደዚህ።»

አጥሩን በእጁ እየተደገፈ ተሻገረ።  በመንገዱ ዳር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቁልፉን ወሰደና በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልቅሶ። የሁሴንን ስም ጠራ፤ የእማማ ዘይነባንም።

«ሁሉን ሰው ለመንኩ» አለኝ። «እሳቸውን ብቻ አቃተኝ። ደሴ ደርሼ ገራዶ ልሂድ ነበር ያልኩት። ፊታቸውን ባስብ እግሬ እዚህ ወረደ።»

ምንም አልመለስኩለትም። ያን ጊዜ ዝምታው ትክክለኛ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰችው መዲና ናት። ከሚኒባስ ወርዳ ስትመጣ ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እመታዋለሁ ብላ የመጣች ይመስል ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ አንገቱን አቀፈች። «ስልክህን ትቼልሻለሁ ትለኛለህ?» አለችው። «ስልክ ምን ያደርግልኛል አንተ?» ዶክተር ኅሩይ ከላይ በመጣ መኪና ደረሱ። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። የሚጠብቀኝን ሚኒባስ አሰናብተው፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ወደ መኪናቸው መሩን። ይመር የዚያኑ ቀን ደሴ ሆስፒታል ገባ። መዲና አጠገቡ ዋለች፣ አጠገቡ አደረች።

አንባቢዎቼ፣ «ውስጧ ነግሯት አዳነችው» ብላችሁ እንዳትጨርሱት እፈልጋለሁ። ውስጤ የነገረኝ ግማሹን ነው፤ ያውም የተሳሳተ ትርጉም ሰጥቼው። ፍርሃቱ እውነት ነበር፤ ለማን እንደሚፈራ ግን ተሳስቻለሁ። ስሜቴን ብቻ ባምን ኖሮ በሬን ቆልፌ ተመስገን ብዬ እቀመጥ ነበር። ዓይኔን ብቻ ባምን ደግሞ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ እንቅልፍ ተኝቶ የመጣ ሰው አይቼ ድኗል እል ነበር። መዲናም ጎረቤቶቿም ያሉት ይህንኑ ነው፤ የሚወዱት ሰው ሰላም አግኝቷል ብለው ነው። ስለ እኛ አገር ሰው ደግነት የሚመሰክር ስሕተት ነው።

እናንተም ቤት ሲጨነቅ የኖረ ሰው በድንገት እንደ ጥጥ ቢቀል፣ የሚወደውን ነገር ለሌላ ቢተው፣ እየዞረ ቢሰናበት፣ ቸኩላችሁ አትደሰቱ። «ልትሞት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። ብዙ ሰው ጥያቄው ሐሳቡን የሚያስተምር ይመስለዋል፤ አያስተምርም። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ዛሬ ተማሪዬ «ውስጤ ነገረኝ» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አልቀንስበትም። ከሥሩ በቀይ እጽፍለታለሁ፤ «ምን አለህ? ከዚያስ ምን አየህ?»

ይመር ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ መድኃኒቱን እየወሰደ ወደዚያችው ክፍል ተመለሰ። ዶክተር ኅሩይም አልፎ አልፎ አብረውን ይቀመጣሉ። እንደ ጥንቱ ያረፍዳል። ቁልፉም እንደ ጥንቱ ጠረጴዛው ላይ ይንሿሿል፤ እኔም ስሰማው ልቤ ያርፋል። አንድ ቀን ሰዓቱ አልቆ ተነሣና በሩ ጋ ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ጣቶቼ በረዱ።

«ጁምዓ ገራዶ ልሄድ ነው» አለ። «እማማ ዘይነባ ጋ። መዲና አብራኝ ናት።»

ጠበቅኩት።

«ዱዓ አድርጊልኝ፣ መምህርት።»

«አደርጋለሁ።»

«አፉውስ?» አለ፤ ዓይኑ ሳቅ ይዟል። «ይሄን ሁሉ ጊዜ።»

«እሱን አልልህም።»

እየሳቀ ወጣ። የእግሩ ድምፅ ደረጃውን ሲወርድ ቶሎ ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። ቁልፉን ይዞት ሄዷል።